የቆርቆር ገደል ጥቁር ወፍ

መቀሌ ውስጥ ጥቁር ወፍ ብርቅ አይደለም። ጠዋት መስኮት ሲከፈት ማዶ ጣሪያ ላይ ቁራ አለ። ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሲወጣ፣ ሲበር ክንፉ ቀይ ዳማ የሚሆን ጥቁር ወፍ በመንጋ እያፏጨ ያልፋል። ከከተማው ወጣ ብሎ የድንጋይ ካብ ባለበት ሁሉ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል ትንሽ ጥቁር ወፍ አይታጣም። ሰው ሁሉንም "ጥቁር ወፍ" ብሎ ያልፋቸዋል፤ አይፈረድበትም፣ የዕለት ጉዳዩ ብዙ ነው። እኔ ማለፍ ካቃተኝ ግን ቆይቷል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልለይ የቀረሁ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዘመድ አዝማድ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ ፎቶ ይልክልኛል። አምና ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ገረዓልታ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ በቴሌግራም አንድ ፎቶና አንድ የድምፅ ቅጂ ላከልኝ። "አኮይ፣ ማርያም ቆርቆር መውጫ ላይ ያገኘሁት ነው። ምን ይባላል?" ይላል።

ፎቶው ሲያዩት ያምራል፤ ወፍ ለመለየት ግን አይመችም። ወፉ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሯል። ፀሐይዋ ከኋላው ናት። ራሱና ደረቱ ጥቁር፣ ሆዱ ቀይ ዳማ ነው። ክንፎቹን ከጎኑ ለጥፏቸዋል፣ ትከሻው ጥላ ውስጥ ነው፣ ጀርባው አይታይም፣ ጭራው ከድንጋዩ ጠርዝ ወዲያ ተሰውሯል።

እዚያ ገደል ላይ ይህን መልክ የያዙ ሁለት ወፎች አሉ። አንደኛው በእንግሊዝኛ "ዋይት ዊንግድ ክሊፍ ቻት" የሚባለው ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ሁለተኛው "ሞኪንግ ክሊፍ ቻት" የሚሉት፣ ከእኛ አገር ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ገደልና ቋጥኝ ባለበት የሚኖረው ነው። የሁለቱም ወንዶች ጥቁር ናቸው፤ የሁለቱም ሆድ ቀይ ዳማ ነው። የሚለያዩት ትከሻ፣ ወገብና ክንፍ ላይ ነው። የሁለተኛው ወንድ ትከሻው ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ተቀምጦም ይታያል። ከጭራው በላይ ያለው ወገቡም እንደ ሆዱ ቀይ ነው። የመጀመሪያው፣ የእኛው ወፍ፣ ወገቡ እስከ ጭራው ድረስ ጥቁር ነው፤ ነጩ ያለው በክንፉ ላባዎች ሥር ስለሆነ ተቀምጦ ሲታይ ወይ ጨርሶ አይታይም ወይ እንደ ነጥብ ብልጭ ይላል፤ ሲነሣ ግን ክንፉ መሐል ላይ ነጭ መስኮት ይከፈታል። ሴቶቹን ለመለየት ይቀላል፤ የእኛዋ ቡናማ ሆና ደረቷ ላይ ፈዘዝ ያለ ዝንጉርጉር አላት፣ ሌላዋ ግራጫ ጥቁር ሆና ሆዷ ቀይ ነው፣ ነጭ የሚባል ነገር የላትም።

ሦስተኛም አለ፤ የሩፔል ጥቁር ወፍ የሚባለው። እሱ ከራሱ እስከ ጭራው ጥቁር ነው፣ ነጩ የሚታየው ሲበር ብቻ ነው። ሆዱ ቀይ ስላልሆነ ወዲያው ይወጣል ሊባል ይችላል። ነገር ግን የገረዓልታ ድንጋይ ቀይ ነው። ፀሐይ ስታርፍበት ቀዩን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ የጥቁር ወፍ ሆድ በፎቶ ላይ ቡናማ መስሎ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እሱንም ወዲያው ከመዝገብ አልሰረዝኩትም። በክንፉ ቀይ የሆነው፣ እንዳ ኢየሱስ ላይ በመንጋ የሚያልፈው ወፍ ግን ሌላ ወገን ነው፤ እሱን ለመለየት መንቁሩን ማየት ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው መንቁሩ ነጣ ያለ ነው፣ የሌሎቹ ዘመዶቹ ጥቁር ነው።

ፎቶ እንቢ ሲል ድምፅ ይረዳል። የልጁን ቅጂ ከፍቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። መጀመሪያ ጥርት ያለ ረጅም ፉጨት፣ ከዚያ የዋኔ ድምፅ፣ ከዚያ የጭላት "ኪ ኪ ኪ"፣ ከዚያ ደረቅ "ጭክ ጭክ"፣ መልሶ ፉጨት። ድምፅ የሚለዩ መተግበሪያዎችም ስልኬ ላይ አሉ። አንደኛው በየጥቂት ሰከንዱ ሌላ ስም ሰጠ፤ ሌላኛው ምንም አላለም።

እነዚህ መተግበሪያዎች ድምፁን ወደ ሥዕል ይለውጡታል። ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቀጭን ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወፍራሙ ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ሥዕል ቀደም ብለው ከተማሩት ሥዕል ጋር ያስተያያሉ። ያልተማሩትን አያውቁም፤ ከእኛ ገደሎች የተቀዳላቸው ደግሞ ጥቂት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የሌላውን ወፍ ድምፅ የሚኮርጅ ወፍ ሲገጥማቸው ነው። ሁለተኛው ወፍ "ሞኪንግ" የተባለው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ የጎረቤቶቹን ዜማ እየቀዳ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ያዜማል። ታዲያ እሱ ነው ብዬ ልደምድም? አልደመደምኩም። የእኛው ነጭ ክንፍ በዘር ምርመራ ተፈትሾ ከገደል ወፎች ወገን ወጥቶ ከሮክ ትረሽ ወገን ጋር ተመድቧል፤ ያ ወገን ደግሞ መኮረጅ ያውቃል። በዚያ ላይ ዋኔውም፣ ጭላቱም፣ ፉጨተኛውም በአንድ ገደል ላይ በአንድ ጊዜ የጮኹ የየራሳቸው ወፎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሄዶ ከማየት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ማልጄ ከመቀሌ በዶልፊን ተነሣሁ። ኵሓን አልፈን አጉላዕ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ወርዶ ስኮርታውን አወጣ፤ ስኮርታውም አየር የለውም። ሹፌሩ በሌላ መኪና ወደ ከተማው ጎማ ሊያስነፋ ሄደ፣ እኛ መንገድ ዳር ቀረን። በለስ የሚሸጡ ልጆች ከበቡን። ሐምሌ ነውና በለሱ ደርሷል፤ ልጆቹ እሾሁን እያነሡ በቢላ ይሰነጥቁታል፣ ተሳፋሪው ቆሞ ይበላል። ጊዜ ካለን ብዬ ስልኬን አውጥቼ ቅጂውን እንደገና ማዳመጥ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበረው ወጣት "ምንድን ነው?" አለ፤ ነገርኩት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ቁራ ነው አለ፣ አንዱ ሬዲዮ ነው አለ። በመጨረሻ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ አንዲት አደይ እጅ ገባ።

"እስቲ አምጣው ወደይ" ብለው ወደ ጆሮአቸው አስጠጉት። እስከ መጨረሻው ሰሙት። "አንድ ወፍ ነው" አሉ። "እኛ ሰፈር ህድሞው ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። እንደ ጭላት ሲጮህ ዶሮዎቹ ጫጩታቸውን ሰብስበው ጎተራ ሥር ይገባሉ። ወጥቼ ቀና ስል ጭላት የለም፤ እሱ ነው። ሲያርፍ ጭራውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣዋል።"

ስለ ጭራው የተናገሩትን ስሰማ ደነገጥኩ። ካረፈ በኋላ ጭራን በዝግታ እስከ ጀርባ ማንሣት በመጽሐፍ የተጻፈ የዚያ የሁለተኛው ወፍ ምልክት ነው። እሳቸው መጽሐፉን አላዩትም። ወፍን በላባው ቀለም ብቻ ለመለየት ለምንደክም ሁሉ እኚህን እናት አንድ ጠዋት ባዳመጥናቸው እላለሁ፤ ድምፁንና አቀማመጡን ከነቦታው የያዘ ሰው ፎቶ ካነሣ ሰው ይበልጣል።

ሹፌሩ ጎማውን ይዞ ሲመለስ ቀኑ ገፍቶ ነበር። ውቅሮ ላይ መኪና ቀየርኩ፣ በድጉም አድርጌ መጋብ ስደርስ ሰማዩ ከምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። መጋብ ላይ ሕምባሻ ገዛሁ። ስልኬን፣ ሕምባሻዬንና ፓወር ባንኬን በአንድ ወፍራም ፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ዝናብ ቢመጣ ብዬ ነው። ማስታወሻ ደብተሬና እርሳሴ ደረት ኪሴ ውስጥ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚያገለግል አንድ ወጣት ዲያቆን አብሮኝ ወጣ።

የማርያም ቆርቆር መንገድ በተሰነጠቀ ቋጥኝ መካከል ያልፋል። ግድግዳው በሁለቱም ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ እጅን በግራና በቀኝ ዘርግቶ ድንጋዩን እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። ከዚያ ሲወጡ የሐውዜን ሜዳ ከሥር ይዘረጋል። እኛ ከስንጥቁ ወጥተን አንድ ሰፊ ቋጥኝ ላይ አረፍን። ስልኬን ላወጣ ፌስታሉን ከቦርሳ አውጥቼ ፈታሁት፤ ስልኩንና ፓወር ባንኩን ጎኔ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሕምባሻውን ለዲያቆኑ ቆርሼ ሰጠሁት። ዘወር ብዬ ገደሉን በቢኖኩላር ስቃኝ ከላይ ጥላ ወረደ። አንድ ቁራ ነበር። ፌስታሉን ከነተረፈው ሕምባሻ ነጥቆ ሜዳው ላይ ሄደ፤ ጓደኛው ከኋላው እየጮኸ ተከተለው። ዲያቆኑ "አያ፣ እነሱ እንግዳ ያውቃሉ" አለኝ።

ሕምባሻው አላሳዘነኝም። ቁራዎቹንም ለዓመታት የማውቃቸው ናቸው፤ አጭር ጭራ ስላላቸው ሲያንዣብቡ ጭራ የሌላቸው ይመስላሉ፣ ተቀምጠው ሲታዩ የክንፋቸው ጫፍ ከጭራቸው ያልፋል። ያሳሰበኝ ፌስታሉ ነው። ዝናቡ አልዘገየም። መጀመሪያ ትልልቅ ጠብታ፣ ከዚያ በረዶ ወረደ። ወደ አንድ ጎርበጥ ያለ የድንጋይ ጥላ ሮጠን ገባን። ስልኬን ከሸሚዜ ሥር ብደብቀውም ውሃው ከአንገቴ ወርዶ ደረሰበት። ማያው ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ፓወር ባንኩ ረጥቧል፣ አይሠራም።

ስልክ አልባ መሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ረጅም ጊዜ ከቤቴ አጥር ግቢ የማልወጣባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ ነበረኝ። ፎቶ የሚልክልኝ ሰው አልነበረም፤ የምልክለትም። ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ ግቢው ውስጥ የሚሰማውን እየለየሁ መጻፍ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ ጆሮዬ የሚያውቀውን ያህል ያወቀው በእነዚያ ወራት ነው።

በረዶው ሲያባራ ዲያቆኑ ክንዴን ያዘኝ። ከፊታችን ያለው የቋጥኝ ጠርዝ ላይ ወፉ አርፏል፤ ከእኛ ያለው ርቀት ከአንድ ክፍል ስፋት አይበልጥም። ላባው ረጥቦ ተጣብቋል። ትከሻው ላይ ያለው ነጭ በግልጽ ይታያል። አካሉን አራገፈ፣ ከዚያም ጭራውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣው፤ አቆየው፤ ቀስ አድርጎ መለሰው። ዞር ሲል ወገቡ እንደ ሆዱ ቀይ ነው። አደይ በአጉላዕ መንገድ ዳር የተናገሩት ልክ እንደተናገሩት ሆነ። ዲያቆኑ በሹክሹክታ፣ "ስልክ ቢሠራ እንኳ ድምፁን እዚህ አታጫውትበት፤ ጎጆ አለው" አለኝ። እኔም አላደርገውም። የተቀዳ ድምፅ ሲያጫውቱበት ወንዱ ባላጋራ የመጣ መስሎት ጎጆውንና ጫጩቱን ትቶ ይወጣል፤ ፎቶ አንሺዎች ይህን ነገር ቢተዉት እመኛለሁ። ጎጆው ከላያችን በነበረ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይህ ወፍ ሌሎች ወፎች ከጭቃ ሠርተው የተዉትን ጎጆ እንደሚይዝ ይታወቃል፤ እዚህ ምን እንደያዘ ለማየት ግን አልተጠጋሁም።

ወዲያው ከታች ሌላ ጥቁር ወፍ ተነሥቶ በፊታችን ተሻገረ፤ በክንፉ መሐል ነጩ ብልጭ አለ። ወገቡ ጥቁር ነበር፣ ሆዱ ቀይ። የእኛው ነጭ ክንፍ ነው። ባለ ነጭ ትከሻው ከጠርዙ ተነሥቶ እስከ ገደሉ ማጠፊያ አባረረው። ሁለቱም እዚያው አንድ ገደል ላይ ይኖራሉ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ፎቶ የሚያነሣ ነገር የለኝም።

ደብተሬን አወጣሁ። ጫፉ ረጥቧል፣ እርሳሱ ግን ይጽፋል። ትከሻ፣ ወገብ፣ ክንፍ፣ የጭራ እንቅስቃሴ፣ ሰዓት፣ የተቀመጠበት ድንጋይ፤ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ዲያቆኑ ከጎኔ ሆኖ የረሳሁትን ያስታውሰኛል፤ "መጀመሪያ ያረፈው በግራ ነው" እያለ ያርመኛል። በፊትም ያለ ካሜራ ነበር የሚሠራው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በምጽዋ ገብቶ እስከ ሰሜን ተራሮችና ጎንደር ሲጓዝ ካሜራ የሚባል ነገር አልነበረም። ወፍ ገድሎ ቆዳውን ይወስድ ነበር፤ ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው ሥራው ነጭ ክንፉንም፣ ጥቁሩንም፣ ነጭ መንቁሩንም ለዓለም አሳወቀ። ወፉን ሳንገድል በዓይንና በጆሮ ለመለየት የቻልነው እኛ ነን፤ ለወፎቹ ይህ ታላቅ ነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከወፍ የሚገኘው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የነጭ ሳር ሜዳ ላይ መንገድ ዳር ከሞተ፣ በእንግሊዝኛ "ናይትጃር" ከሚሉት ሌሊት የሚበር ወፍ የተገኘችው አንዲት ክንፍ ተመርምራ በ1995 ለአዲስ ዝርያ ስም አስገኝታለች። ሙሉ ወፍ በዓይኑ ያየ ሰው በማስታወሻ ደብተሩ ሊያፍር አይገባም።

ስንወርድ ጨልሟል፤ ወደ ውቅሮ የሚሄድ መኪና የለም። የዲያቆኑ ቤተሰቦች አሳደሩኝ። ልብሴ በእሳት ዳር ደረቀ፤ ስልኬን ጤፍ ውስጥ ቀበሩልኝ። በነጋታው ያሳፈረኝ ሹፌር የወፍ ሰው መሆኔን ሲሰማ ጥያቄ ይዞ ነበር። "ገረዓልታ ላይ ያለው ጭራ ቆራጣው ቁራና ከማይጨው ወደ ኮረም ስሄድ የማየው ቁራ አንድ ነው የሚሉኝ አሉ፤ አንድ አይደለም" አለኝ። "ያኛው መንቁሩ መጥረቢያ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው።" አልተሳሳተም። ያኛው ከቁራ ሁሉ ግዙፎቹ ተርታ የሚሰለፍ፣ ጭራውም ረዘም ያለ ነው። እስከ ውቅሮ ድረስ ቁራ ስናወራ ሄድን።

ስልኬ መቀሌ ከገባሁ በኋላ ነፍስ ዘራ። ወዲያው ለእህቴ ልጅ ደወልኩለት። "ሌላ ያነሣኸው የለም?"

"የተበላሹ ነበሩ፣ አጠፋኋቸው።"

"የተሰረዙት ውስጥ ፈልግ፤ ገና አልጠፉ ይሆናል።"

አገኛቸው። ሁለቱ ድንጋይ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ወፉ እየተነሣ ነው፤ ፎቶው ተንቀጥቅጧል፣ ራሱ አይለይም፣ ክንፉ የተጠረገ ቀለም ይመስላል። ከጭራው በላይ ግን ቀይ ዳማ አለ፤ ክንፉ መሐል ነጭ የለም። የልጁ ወፍ ባለ ነጭ ትከሻው ነው። ከቆንጆው ፎቶ ይልቅ ይህ የተበላሸው ዋጋ አለው፤ እንዳያጠፋው ነገርኩት።

የድምፅ ቅጂውን እንዲፈቅድልኝ ጠየቅሁት። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመላው ዓለም የወፍ ድምፅ የሚሰበስበው ዜኖ ካንቶ የሚባል መዝገብ አለ፤ ማንም ማዳመጥ፣ ማንም ማስገባት ይችላል። የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ ከዲያቆኑ ጋር የጻፍነውን መግለጫ አያይዤ ላስገባ ስዘጋጅ ከሥር የሚኮርጃቸውን ወፎች ጨመርኩ፤ ዋኔ፣ ጭላት ብዬ ጻፍኩ።

"የትኛው ጭላት?" ብሎ ጻፈልኝ ልጁ።

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በገረዓልታ ገደል የሚራባ ጭላት አለ፤ ጥፍሩ ጥቁር ነው፣ ጩኸቱ ስለታም ነው። ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥቶ በእኛ ሰማይ የሚያልፍ፣ ጥፍሩ ነጣ ያለ፣ የወንዱ ጀርባ ነጠብጣብ የሌለው፤ ድምፁ ሻከር ይላል። የእኛ ዘፋኝ የሰማው የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ የሁለቱንም ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጠን እያስተያየን ነው፤ ሁለተኛው "ኪ" ላይ ተጣልተናል።